ቁጣ ነው ፀሐይ?

ናዲያ አውራ ጣቷን በስልኩ ላይ አንሸራተተችና «አሁን ተመልከቺ» አለች።

ሰብለ አንገቷን አስግጋ ተመለከተች። በስልኩ ላይ ያለው የሰብለ እናት ፊት ነበር፤ ትናንት ከገበያ ስትመለስ ደጃፍ ላይ ቆማ የተነሣችው ፎቶ። የናዲያ ጣት ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር ከፊቱ ላይ አንድ ነገር ይጠፋል። መጀመሪያ ከዓይኖቿ ጥግ የተበተኑት ቀጫጭን መስመሮች ጠፉ። ቀጥሎ ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ወደ አፏ የወረዱት ሁለት ጥልቅ እጥፋቶች ጠፉ። ግንባሯም እንደተተኮሰ ልብስ ልስልስ አለ።

«ፏ አለች!» አለች ናዲያ። «ሃያ ዓመት ቀነስኩላት፤ ያውም በነጻ።»

የምሳ ሰዓት ነበር። ሁለቱ ከመማሪያ ክፍላቸው ጀርባ፣ ዳሞታ ተራራ ወለል ብሎ በሚታይበት አጥር ሥር ተቀምጠዋል። ሰብለ ልትስቅ ሞክራ ሳቁ አልመጣላትም። በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት እናቷን ትመስላለች፤ እናቷ ግን አይደለችም። የሞተ ሰው ፎቶ ሲያዩ የሚሰማው ዓይነት ብርድ ጀርባዋን ዳሰሳት። ለምን እንደሆነ ለራሷም አልገባትም።

«ምነው? አልወደድሽውም እንዴ?»

«ቆንጆ ነው። አዬ ምን እንደምትል ግን እንጃ።»

ናዲያ ሳቀች። «አሁንም ‹አዬ› ስትይ የሆነ መዓት የወረደብሽ ይመስለኛል።»

የናዲያ ቤተሰብ ከደሴ ወደ ሶዶ የመጣው እናቷ ዶክተር ሶፍያ እዚህ ሲመደቡ ነው። ናዲያ ትምህርት በጀመረችበት ሳምንት ሰብለ መንገድ ላይ እናቷን አይታ «አዬ!» ብላ ስትጮህ፣ ናዲያ ደንግጣ እጇን አፈፍ አደረገችና «ምን ሆንሽ? ማን ነካሽ?» አለቻት። በአማርኛ «አዬ» የሚለው ያዘነ ሰው ነው። በወላይትኛ ግን ልጅ እናቱን የሚጠራው «አዬ» እያለ ነው። ነገሩ ሲገባቸው ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ጓደኝነታቸውም ከዚያ ሳቅ ጀመረ።

ፎቶው ግን የተፈለገው ለሳቅ አልነበረም።

የሰብለ ታላቅ ወንድም ይስሐቅ «ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ» ብሎ ከቤት ከወጣ አራት ዓመት ሆኖታል። የአካባቢው ብዙ ልጆች እንደሚያደርጉት በደላላ እጅ ገብቶ ነው ድንበር የተሻገረው። ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ሁለቱንም ጊዜ በጎረቤት ስልክ፣ ሁለቱንም ጊዜ እናቱ ገበያ ውላ ሳለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ሞቷል ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። የሞተ ሰው ይለቀስለታል፣ ድንኳን ይጣልለታል፣ ሰው ያጽናናል። ይስሐቅ ግን አልተለቀሰለትም፣ አልመጣምም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እናትና ልጅ ለአፍታ ቀጥ ይላሉ፤ የሚገባው ግን ጨው ሊበደር የመጣ ጎረቤት ነው።

በዚህ ሳምንት መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያናቸው ወንጌላዊ ሚልክያስ አንድ ስልክ ቁጥር ይዘው መጡ። ስደተኞቹ ልጆች ከሚያልፉባቸው አገሮች በአንዱ በኃይሉ የሚባል የጎጃም ሰው ይኖራል፤ ሆስፒታል ለተኙ ስደተኞች በነጻ ያስተረጉማል። በኃይሉ እንደሚለው ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት አለ። ስሙን ሲጠይቁት ዝም። አገሩን ሲጠይቁት ዝም። የይስሐቅ ፎቶ በናዲያ ስልክ ተልኮለት ነበር፤ እሱም «ፊቱ በጣም አብጧል፤ ይሁን አይሁን መለየት አልቻልኩም። እዚህ ደግሞ በሽተኛን ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው» ብሎ መለሰ። «የእናትየውን የቅርብ ፎቶ ላኪልኝ። ቅዳሜ ጠዋት አሳየዋለሁ። ካወቃት ከፊቱ እናውቃለን። ከቅዳሜ በኋላ ግን ወዴት እንደሚወስዱት አላውቅም።»

ዛሬ ሐሙስ ነው።

የሰብለ እናት ሽታዬ ገና አርባ አምስት አልሞላትም፤ የማያውቃት ሰው ግን ስድሳ ቢላት አይፈረድበትም። አንድ ቀን ሻንቶ፣ አንድ ቀን ቦዲቲ፣ በቀረው ሶዶ ገበያ መሬት ላይ ማዳበሪያ አንጥፋ አቮካዶና ጎደሬ ትሸጣለች። ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ፊቷ ላይ ነው። ይስሐቅ ከሄደ ወዲህ ደግሞ እንቅልፉም ምግቡም ቀነሰ፣ ጉንጯ ሟሸሸ፣ ፊቷ ባንዴ እጥፍጥፍ አለ።

ጎረቤት ሁሉ ዱሮ «የይስሐቅ እናት» ይላት ነበር፤ በአገሩ ልማድ ሴት የምትጠራው በበኩር ልጇ ስም ነው። የልጁ ዝምታ ሲረዝም ግን ማንም ሳይመክርበት «የሰብለ እናት» ማለት ጀመሩ። ቁስሏን ላለመንካት ነው፤ ደግነት ነው። ሰብለ ግን ያን በሰማች ቁጥር የወንድሟን ልብስ ገና ሳይመለስ ያለበሷት ያህል ይከብዳታል።

ሽታዬ መስታወቱን ከግድግዳው አውርዳ ከአልጋ ሥር ከተተችው። አንዳንድ ጠዋት ፊቷን እየታጠበች «ደግሞ መጣ» ትላለች። ሰብለ ማን እንደመጣ አትጠይቅም።

«በሩ ላይ ቆሞ አየኝ» ትላለች ሽታዬ። «‹እማማ› አለኝ፤ መንገድ እንደጠፋበት እንግዳ። ‹እማማ፣ የይስሐቅ እናት ቤት የቱ ነው?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ልናገር ስል ድምፄ እምቢ ይለኛል።»

ሕልሙ የእናቷ ቢሆንም ሰብለንም ይከተላታል። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲያስተምሩ፣ መንገድ ላይ ቦርሳ ያነገተ ወጣት ሲያልፍ፣ «እማማ» የሚለው ድምፅ ከጆሮዋ አይወጣም። ለዚህ ነው በባዮሎጂ ትምህርት ስለ ቆዳ የቡድን ሥራ ሲሰጣቸው እነ ናዲያ ቤት ሄዳ ዶክተር ሶፍያን በጥያቄ ያስጨነቀቻቸው።

«ዶክተር፣ ሐሳብ ፊት ያሸበሽባል የሚባለው እውነት ነው?»

«ሐሳብ እንቅልፍ ይነሣል፣ ምግብ ይዘጋል፤ ድርሻ የለውም አልልሽም» አሉ ዶክተሯ። «ዋናው ሌባ ግን ፀሐይ ነው። ቆዳን ወጥሮ የሚይዝ ኮላጅን የሚባል ነገር አለ፤ ፀሐይ ቀስ እያለ ይበጣጥሰዋል። የማገዶ ጭስ ያግዘዋል። ሲጋራ የሚያጨስማ በገዛ እጁ ነው። ዕድሜም አለ፤ እሱን የት ሄደን እንከሰዋለን? ደግሞ ፀሐይ ሲወጋሽ ፊትሽን ትቋጥሪያለሽ አይደል? ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የታጠፈ ወረቀት ብትዘረጊውም መስመሩ ይቀራል።»

«ገበያ ላይ የሚሸጥ ክሬም አለ፤ ያጠፋል ይላሉ።»

«ምንነቱ ያልታወቀ ክሬም እንዳታስነኪያት! ቆዳ የሚያሳሳ አለበት፤ ጭራሽ ያባብሰዋል። ሰፊ ባርኔጣ፣ ጥላ፣ ከታጠበች በኋላ ቫዝሊን፣ ማጀቱ ውስጥ ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ፣ በቂ እንቅልፍ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ካገኛችሁ እሰየው። እንግዲህ ያለውን አያጠፉትም፤ የሚመጣውን ያዘገዩታል።»

ሰብለ ሰፊ የሰሌን ባርኔጣ ይዛ ገባች። የማጀቱንም የተደፈነ መስኮት በመዶሻ ከፈተች። ሽታዬ ባርኔጣውን ለልጇ ስትል አደረገችው፤ የገበያ ጓደኞቿ «ቱሪስቷ መጣች!» እያሉ ሲስቁባት አብራ ሳቀች። ማታ ላይ ግን ቫዝሊኑን ጉንጯ ላይ እየቀባች «የሚመጣውን ማዘግየት ምን ያደርግልኛል?» አለች። «እኔ የምፈልገው የሄደውን ነው።»

ያን ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ናዲያ ሰብለን ተከትላ መጣች። ሽታዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ለነገ የሚሆነውን አቮካዶ በጣቷ እየተጫነች የበሰለውን ትለያለች።

«አንተ ናዲያ! መጣህ? ግባ፣ ግባ!» አለች። የሽታዬ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ ናዲያም «አንተ» መባሉን ወዳዋለች።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ሽታዬ? የሚያስደስትዎት ነገር ይዣለሁ።»

ሽታዬ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኩን ተቀበለች። ከዚያ ጣቷን አነሣችና ስልኩን ሳይሆን የራሷን ጉንጭ ነካች።

«ይቺ ያን ጊዜ የነበረችዋ ናት» አለች በወላይትኛ።

«ስልኩ ነው፣ አዬ። ናዲያ ናት ያስተካከለችው።»

«ይሁን። እሱ ትቷት የሄደው ይቺን ነው፤ የሚያውቀው ይቺን ነው።» ዓይኗ እንባ አቅርሮ ከንፈሯ ፈገግ አለ። «ይሄኛውን ላኪ። የአሮጊቷን አጥፊው። ልጄን እንዳታስደነግጪብኝ።»

ሰብለ የእናቷን ፊት አየች። ይህን ፈገግታ ካየችው ስንት ጊዜዋ ነው? በዚያ ላይ ምን ብላ ትከራከራለች? ስልኩን ወስዳ ለናዲያ መለሰች። ያ ብርድ ግን እንደገና ጀርባዋን ዳሰሳት።

በማግስቱ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱ እነ ናዲያ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ኔትወርኩ መጣ ሄደ እያለ አበሳቸውን አሳያቸው። ሰብለ የተለሰለሰውን ፎቶ መርጣ ልትልክ ስትል ከበኃይሉ የድምፅ መልእክት ገባ። ናዲያ ከፈተችው።

«ሰላም ነው፣ ሰብለ? ፎቶውን እየጠበቅኩ ነው። ልጁን ዛሬም አየሁት። ያው ነው፤ ቃል አይወጣውም። ድምፁን የምንሰማው ሲያዝን ብቻ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ‹አዬ... አዬ...› ይላል። አንጀቴን በላው። ከየት እንደመጣ እንኳ ብናውቅ ጥሩ ነበር። በይ፣ አደራ፣ ፎቶው እንዳይዘገይ።»

«ውይ፣ ሲያሳዝን!» አለች ናዲያ። «ምን ያህል ቢጎዳ ነው እንዲህ...» ቀስ ብላ ወደ ሰብለ ዞረች። «ሰብለ... አዬ ማለት...»

«እያዘነ አይደለም» አለች ሰብለ። «እየጠራት ነው።»

ልጁ አገሩን እየነገራቸው ነበር። አልጋው አጠገብ ወላይትኛ የሚያውቅ ሰው ስለጠፋ፣ እናቱን የሚጠራው ልጅ የሚያዝን መስሎ ቀርቷል።

ናዲያ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ወንድምሽ ነው! ሰብለ፣ ወንድምሽ ነው እኮ!»

«አይታወቅም። ልጅ የጠፋባት የኔ እናት ብቻ አይደለችም። ከኛ ሰፈር እንኳ ስንቱ ሄዷል።» ይህን ያለችው ለናዲያ ሳይሆን ለራሷ ልብ ነበር፤ ልቧ ግን አልሰማ ብሎ ይመታል። «እስቲ ፎቶውን አሳዪኝ።»

እንደገና አየችው። ያን ጊዜ ከትናንት ጀምሮ ብርድ ያሳደረባት ነገር ምን እንደሆነ ገባት። ከሁለቱ ቅንድቦች መካከል ምንም የለም።

ሌላው መስመር ሁሉ ኋላ የመጣ ነው። በቅንድቦቿ መካከል ያለችው አንዲት ቀጥ ያለች እጥፋት ግን ሽታዬ ገና ወጣት ሳለች፣ ይስሐቅን አዝላ ገበያ ስትውል፣ ፀሐይ ሲወጋት ፊቷን ስትቋጥር የመጣች ናት። ቤት ውስጥ እንኳ ስትሆን የተቆጣች ታስመስላታለች። ይስሐቅ አጥፍቶ ሲመጣ፣ ሳህን ሰብሮም ይሁን ኳስ ሲጫወት አምሽቶ፣ አውራ ጣቱን እዚያች እጥፋት ላይ ያሳርፍና «አዬ፣ ቁጣ ነው ፀሐይ?» ይላታል። እሷም ሳቋን እየዋጠች «ፀሐይ ነው» ትለዋለች። በዚያ ቤት ይቅርታ የሚጠየቀውም የሚሰጠውም እንዲህ ነበር።

የሄደ ጠዋትም ጠይቋታል። ሰብለ ያን ጊዜ ልጅ ነበረች፤ ግን በር ላይ ቆማ አይታለች። እናቷ «አትሄድም» ብላ ለምናው ነበር። እሱ ቦርሳውን አንግቦ ቀረባትና አውራ ጣቱን ዘረጋ። «አዬ፣ ቁጣ ነው ፀሐይ?» እናቷ እጁን ከግንባሯ ላይ መንጭቃ «ቁጣ ነው!» አለችው። ከዚያ በኋላ ተነጋግረው አያውቁም። ስለዚያ ጠዋት በቤቱ ያነሣ የለም። በእናቷ ሕልም በሩ ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ግን ያ ጠዋት እንደሆነ ሰብለ አሁን ገባት።

«ዋናው ፎቶ አልጠፋም» አለች ናዲያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሱን እንላከው። እናትሽ በምን ታውቃለች? ‹ላክሽው?› ስትልሽ ‹አዎ› ትያታለሽ፤ ውሸትም አይደለም።»

ቀላል ነበር። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ። እናቷም አቮካዶዋን እየሸጠች በሰላም ትውላለች። ስለ ጥሪው ብትነግራት ግን ልጁ ይስሐቅ ሆኖ ባይገኝስ? አራት ዓመት የቆየን ቁስል በገዛ እጇ መክፈት አይሆንባትም? ሰብለ ከተራራው አናት ላይ የሚሄደውን ደመና ተመለከተች።

«አይሆንም» አለች በመጨረሻ። «የተጠራችው እሷ ናት፤ እኔ ሰምቼ እሷ ሳትሰማ አትቀርም። ተነሺ፣ ገበያ እንሂድ።»

በባጃጅ ወረዱ። ፀሐዩ ወደ ምዕራብ ቢያዘነብልም አልበረደም። ሽታዬ ባርኔጣዋን ደፍታ ከአቮካዶዋ ኋላ ተቀምጣለች። ልጆቹን ስታይ ፊቷ በራ፤ የሰብለን ፊት ስታይ ደግሞ ጨለመ።

«ምን ተገኘ?»

ሰብለ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ የበኃይሉን ድምፅ አሰማቻት። ሽታዬ እስከ መጨረሻው ሰማች። «ድገሚው» አለች። ተደገመላት። አንዲት ሸማች «የአቮካዶው ዋጋ ስንት ነው?» ብላ ጠይቃ መልስ አጥታ ሄደች። ከጎኗ የምትሸጠው አባይነሽ «የሰብለ እናት፣ ሰው አለሽ እኮ!» ብትላትም አልሰማችም።

«የሌላ ሰው ልጅም ሊሆን ይችላል፣ አዬ» አለች ሰብለ።

«ይችላል።» ሽታዬ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል ራሷን ነቀነቀች። «የማንም ይሁን እናቱን ነው የሚጠራው። ወላይታ ነው በዪው ለሰውዬው፤ በቋንቋው ያናግሩት። እኔ ካልሆንኩ ሌላዋ ትፈለግ። ለሚልክያስ ንገሪ፣ የእናቶቹ ሁሉ ፎቶ ይሂድ።» ከዚያ ቀና አለች። «ያን ፎቶ ላክሽው?»

«አልላክሁትም።»

«ለምን?»

ሰብለ የእናቷን ባርኔጣ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ አውራ ጣቷን በቅንድቦቿ መካከል፣ በእጥፋቷ ላይ አሳረፈች።

«አዬ፣ ቁጣ ነው ፀሐይ?»

ሰብለ እጄን ትመነጭቀዋለች ብላ ፈራች። እናቷ ግን አልመነጨቀችም። ዓይኗን ጨፈነች፤ በልጇ ጣት ሥር ሳትንቀሳቀስ እንባዋ በእነዚያ ሁሉ መስመሮች መካከል መንገዱን እየፈለገ ወረደ።

ከዚያ ባርኔጣዋን አውልቃ አቮካዶው ላይ አስቀመጠች። ፊቷን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ፀሐዩ አዞረች። ብርሃኑ ወጋትና ፊቷን ቋጠረች፤ እጥፋቷ ጎድጎድ ብላ ታየች። «አንሺኝ» አለች።

ሰብለ አነሣቻት። ምንም ሳትነካካ ላከችው። ናዲያ ከኋላቸው ቆማ፣ የሚባባሉት በወላይትኛ ስለሆነ ቃሉ ባይገባትም፣ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች ነበር።

«ድምፅም ይወስዳል?» አለች ሽታዬ።

«ይወስዳል፣ አዬ።»

ሰብለ ጣቷን ስልኩ ላይ ተጭና ወደ እናቷ አፍ አስጠጋችው። ገበያው ይንጫጫል፣ ባጃጅ ጡሩምባ ይነፋል። ሽታዬ ጉሮሮዋን ጠራረገች፤ በሕልሟ እምቢ የሚላት ድምፅ አሁን ቀጭን ሆኖ ወጣ።

«የይስሐቅ እናት ነኝ» አለች። «ፀሐይ ነው፣ ልጄ። ያን ቀንም ፀሐይ ነበር።»

ሰብለ ጣቷን አነሣች። መልእክቱ ሄደ።

ሽታዬ ባርኔጣዋን አንሥታ አቧራውን አራገፈችና እስከ ቅንድቧ ደፋችው።

«እስኪመጣ ድረስ» አለች፣ «ሌላ መስመር አልጨምርበትም።»